ሥራ ላይ የሞተ፣ ሥራ የገደለው

አንድ ጣሪያ ሠሪ ከመሰላል ወድቆ ቢሞት ክርክር የለም፤ የሥራ ላይ አደጋ ነው። ያው ሰው ወድቆ ባይሞትና ወገቡ ቢጎዳስ? ሐኪም ማስታገሻ ያዝለታል። ማስታገሻው ሲያልቅበት ከመንገድ ይገዛል። ከስድስት ወር በኋላ አንዲት እንክብል በቤቱ ሶፋ ላይ ትንፋሹን ታቋርጠዋለች። አሁን የሥራ ሞት የሚል የለም፤ «ኦቨርዶዝ»፣ ከመጠን በላይ ወስዶ ነው፣ ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። እንክብሏን የዋጣት በሥራ ሰዓት፣ በሥራው ቦታ ላይ ሆኖ ቢሆን ግን ያው ሞት በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ከሥራ ላይ ሞቶች ጋር ይደመር ነበር። ሰውዬው አንድ ነው፣ ጉዳቱም አንድ፣ እንክብሏም አንድ። የተለየው የሞተበት ቦታ ብቻ ነው።

ራስን ማጥፋትና ኦቨርዶዝ በሥራ ቦታ ሲነሱ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው። ቆጠራው «የት ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰቡ የሚጠይቀው «ለምን ሞተ?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ እየመሰሉ ብዙ ነገር ይሳከራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ምን ይላል

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ1992 ጀምሮ በሥራ ላይ የሚደርሱ የሞት አደጋዎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ናሙና ወስዶ አይገምትም። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የካሳ ማመልከቻ፣ የፖሊስና የዜና ዘገባ እያመሳከረ ይመዘግባል። በ2022 የመዘገበው ጠቅላላ ቁጥር 5,486 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 525ቱ በሥራ ላይ እያሉ ሳያስቡት ከመጠን በላይ በወሰዱት ዕፅ፣ መድኃኒት ወይም አልኮል የሞቱ ናቸው። 267ቱ ደግሞ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሁለቱ ሲደመሩ 792 ይሆናሉ። በዚያ ዓመት በሥራ ላይ ከሞቱት ከሰባቱ አንዱ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሥራ ላይ በሰው እጅ የተገደሉት 524 ነበሩ። ሌሊት ነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ ውስጥ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ቤተሰቡ የሚፈራለት ሽጉጥ የያዘ ዘራፊን ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በአገር አቀፉ መዝገብ ላይ ኦቨርዶዝ ከነፍስ ግድያ በአንድ ሰው በልጦ ተቀምጧል።

ራስን የማጥፋቱ ቁጥር ባለፉት ዓመታት ከፍ ዝቅ እያለ ከ230 እስከ 310 ባለው መካከል ቆይቷል። የኦቨርዶዙ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2012 የተመዘገበው 65 ብቻ ነበር። በ2017 ወደ 272 ወጣ፣ በ2022 525 ሆነ። በአሥር ዓመት ስምንት እጥፍ። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካውያን በድንገት ሥራ ቦታ ላይ ዕፅ መውሰድ ጀመሩ ማለት አይደለም። የተለወጠው የሚወሰደው ነገር ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቆጠራው የማያየው

አሁን ወረድ ብለን እንይ። በ2022 በመላው አሜሪካ በኦቨርዶዝ የሞቱት ወደ 108,000 ይጠጋሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉት ደግሞ ከ49,000 በላይ ናቸው። የሥራ ቦታው መዝገብ ከሁለቱም የያዘው ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት ቤታቸው፣ መኪናቸው ውስጥ፣ መንገድ ላይ የሞቱ ናቸው። ከእነሱ መካከል ስንቱ ከሥራ ገበታው ሲነሳ የጀመረው ሕመም እንደገደለው መዝገቡ አይጠይቅም። በቤት የደረሰ ራስን የማጥፋት ሞት የሚገባው ከሥራ ጋር መያያዙ በማያሻማ ሁኔታ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚያቀርብ ደግሞ ከስንት አንድ ነው።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው ኦሻ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛ ከሥራ ጋር በተያያዘ ሲሞት አሠሪው በ8 ሰዓት ውስጥ ለኦሻ ማሳወቅ አለበት። ነገር ግን ኦሻ ራሱ ባወጣው የምዝገባ ደንብ፣ ሰው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ወይም ከሥራው ጋር ላልተያያዘ ሕመም ብሎ ራሱ በወሰደው መድኃኒት ብቻ የደረሰበት ጉዳት «ከሥራ ጋር የተያያዘ» አይባልም፤ አሠሪው በጉዳት መዝገቡ ላይ አያሰፍረውም። ኦሻና የስታቲስቲክስ ቢሮው ሁለቱም በአንድ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ያሉ ናቸው። አንዱ እጅ የሚቆጥረውን ሌላው እጅ «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ይለዋል።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ በግቢው በር ላይ «ያለ አደጋ የተሠራባቸው ቀናት፦ 400» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ፣ በእነዚያው 400 ቀናት ውስጥ ሁለት ሠራተኞቹን ቀብሮ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው አልዋሸም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

በቦታ ሳይሆን በሥራ ዓይነት ሲቆጠር ሥዕሉ ይለወጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ሟቹ ምን ይሠራ እንደነበር የሚገልጸውን መስመር ተከትሎ ቆጥሯል። የትም ይሙት፣ ሥራው ምን ነበር ነው ጥያቄው። በ2021 ከ100,000 ወንድ ሠራተኞች 32ቱ ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ በኮንስትራክሽን ግን 56፣ በማዕድን ደግሞ 72 ነበሩ። በኦቨርዶዝም እንደዚያው ነው። በ2020 በኮንስትራክሽንና በማዕድን ቁፋሮ ሙያ ከተሰማሩ 100,000 ሰዎች 162.6 የሚሆኑት በኦቨርዶዝ ሞተዋል፤ ይህም ከሙያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ሁለተኛው ላይ የተቀመጡት ምግብ አዘጋጆችና አስተናጋጆች ናቸው፤ 117.9።

ጉዳትን ከእንክብል የሚያገናኘው መንገድ

የማሳቹሴትስ ግዛት የጤና ቢሮ በ2018 ያወጣው ጥናት ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ከ2011 እስከ 2015 በኦፒዮይድ የሞቱትን ነዋሪዎች በየሙያቸው ለየ። (ኦፒዮይድ ማለት ከሞርፊን ቤተሰብ የሆነ የሕመም ማስታገሻም ዕፅም ነው፤ ኦክሲኮዶን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።) የኮንስትራክሽን ሠራተኞች ሞት ከአማካዩ ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በ100,000 ሠራተኛ 150.6 ሲሆን የግዛቱ አማካይ 25.1 ነበር። ከእነሱ ቀጥለው የተገኙት ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

ግንበኛና ዓሣ አጥማጅን ምን ያገናኛቸዋል? ጥናቱ ሁለት ነገር አየ። የሥራ ላይ ጉዳት በሚበዛባቸው ሙያዎች የኦፒዮይድ ሞት ይበዛል። ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ በሌለባቸው ሙያዎችም እንዲሁ ይበዛል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቧቸው። ወገብህ ተጎድቷል። አንድ ቀን ብትተኛ የአንድ ቀን ገንዘብ የለም። የቤት ኪራይ ቀኑ አይገፋም፣ ለእናት የሚላከውም እንደዚያው። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ሕመሙን ዝም የሚያሰኝ ነገር ውጠህ ትሄዳለህ። እንክብሉ እዚህ ላይ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፤ እንደ መዶሻውና እንደ ቆቡ የሥራ መሣሪያ ሆኗል።

ከዚያ የሚከተለውን የአሜሪካ ታሪክ ራሱ ይናገረዋል። በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ ገበያ ላይ ዋለ። አምራቹ ፐርዱ ፋርማ የሱስ አደጋውን አሳንሶ አሻሽጦ ነበር፤ በ2007 እና በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን አምኗል። ሐኪሞች በልግስና አዘዙ። ቆይቶ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ሰውነታቸው የለመደባቸው ሰዎች ማዘዣ ተከለከሉ። ከ2010 ገደማ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ሄሮይን ዞሩ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በድብቅ የሚመረተው ፌንታኒል ገበያውን ወረሰው። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 ጊዜ፣ ከሞርፊን 100 ጊዜ ይበረታል። ያ ከ65 ወደ 525 የተወረወረው የሥራ ቦታ ቁጥር የሚጀምረው ልክ በእነዚህ ዓመታት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። በየመንገዱ የሚሸጡ ብዙ እንክብሎች ከፋርማሲ የመጡ መስለው የተሠሩ ሐሰተኞች ናቸው፤ ቀለማቸውም ማኅተማቸውም አንድ ነው፣ ውስጣቸው ግን ፌንታኒል ሊሆን ይችላል። «እኔ ሱሰኛ አይደለሁም፤ ጀርባዬን አሞኝ አንድ ፍሬ ነው የወሰድኩት» የሚል ሰው እውነቱን ነው። አንድ ፍሬዋ ግን በቂ ልትሆን ትችላለች። ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ከአገር በመጣ ሰው እጅ «ይህቺ ለወገብ ፍቱን ናት» የተባለ መድኃኒት መቀባበል የለመደ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል። ጓደኛ ለጓደኛ መድኃኒት ማካፈል እኛ ዘንድ ደግነት ነው። የምናካፍለው ነገር ከየት እንደመጣ አለማወቃችን ነው ችግሩ።

በአራት ደቂቃ ውስጥ

ኦፒዮይድ የሚገድለው ልብ በማቆም ሳይሆን ትንፋሽ በማስረሳት ነው። አንጎል ውስጥ «ተንፍስ» የሚለውን ክፍል ያስተኛዋል። ሰውዬው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲነቀንቁት አይነቃም፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል ወይም እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል ወይም ይገረጣል። ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሞተው የሥራ ባልደረቦቹ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ብለው ስለሚያልፉት ነው። ወይም መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲቆይ ማንም በሩን ስለማያንኳኳ።

ማርከሻው ናሎክሶን ይባላል፤ በንግድ ስሙ ናርካን። አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ1971 ነው። ኦፒዮይዱ አንጎል ውስጥ ከተቀመጠበት ወንበር ገፍቶ አስነሥቶት ራሱ ይቀመጣል፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ትንፋሽ ይመለሳል። በመጋቢት 2023 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። በአፍንጫ የሚረጭ ስለሆነ መርፌ መውጋት አያስፈልግም። ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥ አይጎዳውም። ስለዚህ «ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብሎ የሚያመነታ ሰው ማመንታቱን ይተው።

ግን ሁለት ነገር መርሳት የለበትም። አንደኛ፣ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር፣ 911፣ መደወል ነው። ሁለተኛ፣ ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሲሆን ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የነቃው ሰው «ደኅና ነኝ፣ ልሂድ» ቢልም ብቻውን አይተውም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ለእርዳታ የደወለን ሰው ከተወሰኑ ክሶች የሚከላከል ሕግ አለ። ይህን የምጽፈው የወረቀት ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች ፖሊስ ፈርተው ስልኩን እንደሚያስቀምጡት ስለማውቅ ነው። ያ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ነገር ግን አራቱ ደቂቃ ጠበቃ እስኪገኝ አይጠብቅም።

የልብ ማስነሻ መሣሪያ በየግድግዳው ላይ ሲሰቀል ማንም አልተከራከረም። የናሎክሶን ሣጥን ይቀመጥ ሲባል ግን አንዳንድ አሠሪ «ዕፅ የሚወስድ ሠራተኛ አለኝ ማለት ይሆንብኛል» ይላል። የእሳት ማጥፊያ የሰቀለ ሰው ቤቴ እየነደደ ነው አላለም።

የሽንት ምርመራውስ? ዕፅ የተገኘበትን ማባረር ለከባድ መኪናና ለክሬን ሥራ አስፈላጊነቱ ግልጽ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ሰውን መደበቅ ያስተምረዋል። የተደበቀ ሰው ብቻውን ይወስዳል፣ ብቻውን የወሰደ ደግሞ ማርከሻ የሚረጭለት አያገኝም። በአሜሪካ ሕግ በሐኪም ትዕዛዝ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰደ የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና ላይ ያለን ሠራተኛ መድኃኒቱን ስለወሰደ ብቻ ማባረር በአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ብዙ ሠራተኛ ይህን አያውቅም። አሠሪውም ቢሆን ሁሌ አያውቅም፣ ወይም አያውቅ መስሎ ያልፋል።

ራስን ማጥፋት፦ ጥያቄው የአንድ ሰው ሲሆንና የመሥሪያ ቤት ሲሆን

ራስን ማጥፋት ከአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም። የአእምሮ ሕመም፣ ዕዳ፣ የትዳር መፍረስ፣ የማይለቅ የአካል ሕመም፣ መጠጥ ይደራረባሉ። ሥራ ብቻውን ገደለው ማለት እንደሚከብድ ሁሉ፣ ሥራ ምንም የለበትም ማለትም ያስተዛዝባል። ሥራ በሁለት በኩል ይሠራል። ሥራ ያለው፣ የሚያከብሩት ባልደረቦች ያሉት ሰው ጥግ አለው። የሚያዋርዱት፣ የሚያስጨንቁትና ሰዓቱን የነጠቁት ሰው ደግሞ ያንኑ ጥግ ያጣል።

ፈረንሳይ ይህን ጥያቄ ችሎት አቅርባዋለች። የቀድሞው የመንግሥት ስልክ ድርጅት ፍራንስ ቴሌኮም ወደ ግል ከተዛወረ በኋላ ከ120,000 ገደማ ሠራተኞቹ 22,000ውን ሊቀንስ ወሰነ። ብዙዎቹ በሕግ ሊባረሩ የማይችሉ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ፣ በራሳቸው እንዲወጡ ማስመረር ዘዴ ሆነ። ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ ከሙያቸው ውጪ መመደብ፣ ሥራ አሳጥቶ ማስቀመጥ። የድርጅቱ የበላይ ኃላፊ ዲዲዬ ሎምባር በ2006 ለሥራ አስኪያጆቹ ሰዎቹን «በመስኮትም ሆነ በበር» አስወጣለሁ ማለቱ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ሠራተኞች ራሳቸውን አጠፉ፤ ፍርድ ቤቱ የመረመረው 39 ሰዎችን ሲሆን ከእነሱ 19ኙ ሞተዋል። በታኅሣሥ 2019 ፍርዱ ወጣ፦ «ተቋማዊ የሞራል ጥቃት»። ድርጅቱ 75,000 ዩሮ ተቀጣ፣ ኃላፊዎቹም ተፈረደባቸው። የሰበር ሰሚው ችሎት በጥር 2025 አጸናው። 75,000 ዩሮ ለእንደዚያ ያለ ድርጅት ምንም አይደለም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ችሎቱ አንድ ክፉ አለቃ ፍለጋ አልሄደም። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያወጡት የሥራ ዕቅድ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል አለ።

ጃፓን ደግሞ ለነገሩ ስም አላት፤ ካሮጂሳቱ፣ ማለትም ከሥራ ብዛት የተነሣ ራስን ማጥፋት። ዴንትሱ በተባለው የማስታወቂያ ድርጅት በ1991 የሞተ አንድ ወጣት ሠራተኛ ወላጆች ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ2000 ፍርድ ቤቱ ድርጅቱን ተጠያቂ አደረገ። የሚያሳዝነው በ2015 በዚያው ድርጅት የ24 ዓመት ወጣት ሴት በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተች። በ2017 ድርጅቱ ከሕግ ውጪ ትርፍ ሰዓት በማሠራት 500,000 የን ተቀጣ። በ2018 የወጣው ሕግ በመርህ ደረጃ የወር ትርፍ ሰዓትን በ45 ሰዓት ገደበ፤ ሥራ ሲበዛ ግን 100 ሰዓት እስኪጠጋ ይፈቅዳል። በዚያ አገር አሁን የሟች ቤተሰብ የሥራ ሰዓት መዝገብ ይዞ ሄዶ «የሥራ ላይ ጉዳት ነው» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሶፋ ላይ ይሙት፣ ቢሮ ይሙት፣ የሚቆጠረው ሰዓቱ ነው።

ከኃላፊዎች ወርደን ወደ ባልደረባ ስንመጣ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በ2008 በኩዊንስላንድ የተጀመረው ሜትስ የሚባል የኮንስትራክሽን ሠራተኞች እንቅስቃሴ ልብ የሚያሳርፍ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ግንበኛ ለሥነ ልቦና ባለሙያ አይናገርም፣ ለግንበኛ ግን ይናገራል። ስለዚህ ከየግቢው ፈቃደኛ ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ይወስዳሉ። ሌላው እንዲያውቃቸው ቆባቸው ላይ ምልክት ይለጥፋሉ። ሥራቸው ማከም አይደለም፤ የተጨነቀውን ሰው ከሚያክመው ጋር እስኪያገናኙት ድረስ አለመልቀቅ ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ነገር በአፍ መጥራት ራሱ ነውር ነው። «ክፉ አታውራ» ይባላል። ልቅሶ ቤት «በድንገት ነው» ይባላል፣ ሁሉም ይገባዋል፣ ማንም አይጠይቅም፤ ዝምታው ለቤተሰቡ ክብር ተብሎ የሚሰጥ ነው። ስለ ሕያዋኑ ግን ሌላ ነው። ሰውን «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይተክልበትም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። እንዲያውም ብዙው ሰው እፎይ ይላል። የተለመደው «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» በጎ ቃል ነው፤ ግን ጨዋታውን ይዘጋዋል። ከሥራ ሲቀር፣ ዕቃውን ማደል ሲጀምር፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ሲል የሰማ ጓደኛ መጀመሪያ ይጠይቅ፣ ከዚያ አብሮት ይቀመጥ፣ ከዚያ ወደ እርዳታ ይውሰደው። አሜሪካ ያለ ሰው ቀንም ሌትም በነጻ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተዘጋጀው መሥመር፣ 988፣ መደወል ይችላል፤ መሥመሩ የተከፈተው በሐምሌ 2022 ሲሆን ለሌሎች ቋንቋዎች በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል። ሰው ስልኩን ሲያነሣ «አምሃሪክ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ለራስ ብቻ ሳይሆን ስለ ጓደኛ ተጨንቆ መደወልም ይቻላል። አገር ቤት ወይም ሌላ አገር ያለ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ብቻውን አይሂድ።

ቤቱ ሥራ ቦታ ሲሆን

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሥራና ቤት ይለያያሉ ብሎ የሚነሣ ነው። ለቤት ሠራተኛ አይለያዩም። የምትተኛበትም፣ የምትሠራበትም፣ የምትታሰርበትም ያው አንድ አፓርታማ ነው።

ሂውማን ራይትስ ዎች በ2008 ሊባኖስን አስመልክቶ ያወጣው ዘገባ ከጥር 2007 ወዲህ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን ገለጸ፤ ኢትዮጵያውያትም አሉበት። ከ95ቱ 40ው በየኤምባሲዎቻቸው «ራስን ማጥፋት» ተብለው ተመዝግበዋል። ሌሎች 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፤ ብዙዎቹም ከአሠሪዎቻቸው ለማምለጥ ሲሞክሩ። በበሽታ የሞቱት 14 ብቻ ናቸው። ወጣቶች፣ ጤነኞች፣ ከመሄዳቸው በፊት የሕክምና ምርመራ ያለፉ ሴቶች ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የምቆመው «ራስን ማጥፋት» የሚለው ቃል ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቃሉ ሞትን ከአሠሪው መዝገብ ያወጣል። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ ምርመራውን ይዘጋል። ፓስፖርቷ የተወሰደባት፣ በሩ የተቆለፈባት፣ ደመወዟ የተያዘባት ሴት በምን ሞተች ሲባል መልሱ አንድ ቃል ይሆናል፣ ቃሉም ተጠያቂዋን ራሷን ያደርጋታል። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጪ አድርጓቸዋል፤ የከፋላ ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። እዚያ ቤት ውስጥ የደረሰው ሁሉ የሥራ ቦታ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ቦታን መጥቀስ እንኳ አይበቃም።

ካሳውን ማን ያገኛል?

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ሆኖም ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው አይጠየቅም። ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ በመገኘቱ የደረሰበትም «ሆን ብሎ» ከሚባለው ይገባል። የአሜሪካ ግዛቶች የካሳ ሕጎችም በአብዛኛው ተመሳሳይ በር አላቸው። አሠሪውና ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚቆሙት እዚያ በር ላይ ነው።

በሩ ግን ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። በ1915 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀረበለት። ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ የቀለጠ እርሳስ ዓይኑ ውስጥ ገባበት፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከጉዳቱ የተነሣ አእምሮው ተናወጠና ራሱን አጠፋ። ኢንሹራንሱ «ሆን ብሎ ነው» አለ። ፍርድ ቤቱ ለሚስቱ ፈረደ፤ እርሳሱ አእምሮውን ባያናውጠው ሰውየው አይሞትም ነበርና። ከመቶ ዓመት በኋላ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከዚህ ሰፋ ባለ መንገድ የምክንያት ሰንሰለት የሚባለውን ይመለከታሉ፤ የሥራ ጉዳት፣ ከዚያ የማይለቅ ሕመም ወይም ድባቴ፣ ከዚያ ሞት። በሐኪም የታዘዘለት ማስታገሻ ለሱስና ለኦቨርዶዝ የዳረገው ሰው ቤተሰብም በዚህ መንገድ ሄዶ ካሳ ያገኘበት ጊዜ አለ፣ የተከለከለበትም አለ።

ሰንሰለቱን የሚያሳየው ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ሪፖርት ቀን ያለበት፣ የታዘዙ መድኃኒቶች ዝርዝር ከፋርማሲው፣ «ጀርባዬ አላስተኛኝ አለ፣ ሕይወት ጨለመብኝ» ብሎ ለሐኪሙ የተናገረበት የሕክምና ማስታወሻ፣ ለአለቃው የላከው የስልክ መልእክት፣ የሥራ ሰዓት መዝገብ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱና የአስከሬን ምርመራው። ማመልከቻ ማስገቢያ ጊዜው በየግዛቱ ይለያያል፣ ከሐዘኑም አይጠብቅም። የሟቹ ስልክ ሳይሸጥ ወይም ሳይሰረዝ ከእድሩ ሰዎች አንዱ እነዚህን ቢሰበስብና በሠራተኛ ካሳ ጉዳይ ለሚሠራ ጠበቃ ቢያሳይ ይበጃል፤ ከእነዚህ ጠበቆች አብዛኞቹ በቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቁም።